የተደፉ ብርጭቆዎች

ባሌ ፓስተር ነው፤ ወንድሜ ደግሞ መጠጥ ቤት አለው። ይኼ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ በዓለም ላይ ስንት ዓይነት ቤተሰብ አለ። የኛ ጣጣ ሁለቱም አንድ ጣራ ሥር መሆናቸው ነው። አባታችን ሲሞት ይኼን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ምድር ቤቱን ለወንድሜ፣ ፎቁን ለኔ አወረሰን። እንዳትለያዩ ብሎ ነው። ነፍሱን ይማረውና አባቴ ብልህ ሰው ነበር፤ ማንን እንደማገባ ግን አላወቀም።

ስለዚህ ታች ቢራና ወይን ይቀዳል፣ ላይ ይዘመራል። የፎቁ ትልቅ ክፍል የጸሎት አዳራሽ ነው፤ ከጀርባው ያሉት ሁለት ክፍሎች መኖሪያችን ናቸው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬን ያስቀመጥኩት ከደረጃው ጫፍ፣ በሩ አጠገብ ነው፤ ደህና ብርሃን የሚገባው በዚያ ብቻ ነው። ከታች ብርጭቆ ሲንኳኳ እሰማለሁ፤ ከኋላዬ ባሌ ስብከቱን ጮክ ብሎ ሲያጠና እሰማለሁ። ሁለቱም ሲሰለቹኝ ፔዳሉን ጠበቅ አድርጌ እረግጣለሁ። መኪናዋ ስትጮህ ማንንም አልሰማም።

ወደ ፎቅ የሚያወጣው ደረጃ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የሚጀምረው ከወንድሜ ባንኮኒ ጫፍ ነው። እሁድ ጠዋት ምእመናን በሙሉ በመጠጥ ቤቱ በኩል ነበር የሚያልፉት። በዚያ ሰዓት ቤቱ ዝግ ነው፤ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተሰቅለዋል፣ ወለሉ ገና ስለተወለወለ እርጥብ ነው፣ የትናንቱ የቢራ ሽታ ግን የትም አይሄድም። ወንድሜ ሽርጡን ታጥቆ ብርጭቆ ያጥባል። ታላቄ ስለሆነ እኔ ወንድም ጋሼ እለዋለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ግን ጋሼ ነው የሚለው። አንድም ሰው ሰላም ሳይለው አያልፍም፤ የማን ልጅ እንዳሳለው፣ የማን ጉልበት እንደሚቆረጥመው ያውቃል። እማማ ቀጥ በሉ የምንላቸው አሮጊት ብቻ በጠርሙሶቹ ፊት ሲያልፉ ሻርፓቸውን አፍንጫቸው ላይ ይጠመጥማሉ። ስማቸውን ያወጣንላቸው በስብከት ጊዜ የጎበጠ ካዩ ከኋላ በጣታቸው ወግተው "ቀጥ በሉ" ስለሚሉ ነው። "እንዴት አደርክ ልጄ" ይሉታል ወንድሜን በሻርፓቸው ውስጥ፤ "አልተነፈስኩም።"

ከባንኮኒው ጀርባ፣ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ጠርሙስ የለም። የተደፉ ብርጭቆዎች ናቸው ያሉት። የወንድም ጋሼ ደንብ ነው። መጠጥ በቃኝ ያለ ሰው ይመጣና ይነግረዋል። ወንድም ጋሼ አይመክርም፣ እሰይ አይልም። ሰውዬው ይጠጣበት የነበረውን ብርጭቆ ያጥባል፣ በደረቅ ጨርቅ ይወለውላል፣ ደፍቶ እላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰው ከዚያ ቤት ሻይ ወይ ለስላሳ እንጂ ሌላ አይቀዳለትም፤ ቢለምንም፣ ቢያለቅስም፣ ቢሳደብም። ብርጭቆዬ ይመለስልኝ የሚል ካለ ቤቱ በሰው በተሞላ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ወንበር ላይ ወጥቶ በገዛ እጁ ማውረድ አለበት። እስካሁን የወጣ የለም። አንድ ሹፌር ወንበሩን ጎትቶ እስከ መደርደሪያው ድረስ አምጥቶ ነበር አሉ፤ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሲያየው ጊዜ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ አለና ሻይ አዘዘ።

ብርጭቆዎቹ ላይ ስም የለም። የማን የት እንዳለ የሚያውቁት ወንድም ጋሼና የብርጭቆው ባለቤት ብቻ ናቸው። "ይኼኛው የማነው?" ብሎ የጠየቀ ሰው "የሰው ነው" ይባላል።

በቀኝ በኩል ጥጉ ላይ ያለው፣ አፉ ወፈር ያለ አሮጌ ብርጭቆ ግን የማን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። የባሌ ነው። የመጀመሪያው የተደፋ ብርጭቆ እሱ ነው፤ ደንቡም በሱ ነው የተጀመረው። ገና ሳንጋባ ወንድም ጋሼ ስንት ጊዜ በትከሻው ደግፎ ቤቱ እንዳደረሰው እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ቀን መጥቶ በቃኝ አለ፤ በቃው። ከዚያ ጌታን አገኘ፣ ከዚያ እኔን አገኘ። ቅደም ተከተሉን እሱ እንዲህ ነው የሚናገረው፣ እኔም አልከራከርም። ለምእመናን ግን ይኼን ታሪኩን ነግሯቸው አያውቅም። "ፓስተራችን ጠብታ ቀምሶ አያውቅም" ሲሉ ዝም ይላል። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም ይለኛል። እኔ ምን አውቄ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ።

ሁለቱ የተጣሉት በአንድ እሁድ ምሳ ላይ ነው። ያኔ ወንድም ጋሼ እሁድ እሁድ መጠጥ ቤቱን ሳይከፍት ፎቅ ወጥቶ ከኛ ጋር ይበላ ነበር። ሲበሉ ይከራከራሉ፤ ለነሱ ክርክር እንደ ጨው ነው። ለባሌ ጠብታውም ኃጢአት ነው። ወንድም ጋሼ ደግሞ ቤቱ ጭር ሲልለት መነጽሩን አድርጎ ቃሉን የሚያነብ ሰው ነው። "የተከለከለው ስካር ነው" ይላል። "መጠጣትማ ቢሆን ሐዋርያው ራሱ ያንን ወጣት ስለ ሆድህ ብለህ ጥቂት ውሰድ ብሎት የለ?"

"ያ መድኃኒት ነው" ይላል ባሌ።

"እኔስ ጋ ጤነኛ ይመጣል እንዴ?" ይላል ወንድም ጋሼ።

የዚያን ቀን ነገሩ ሰርጉ ጋ ደረሰ፤ ውሃው ወይን የሆነበት ሰርግ ጋ። ባሌ ዳቦውን እየቆረሰ "ያልፈላ ጭማቂ ነው የነበረው" አለ። ወንድም ጋሼ ሾርባው ትን እስኪለው ሳቀ። "የድግሱ ኃላፊ ቀምሶ የተደነቀው በጭማቂ ነው? ያ ሁሉ እንግዳ አልሄድም ብሎ የተጎለተው ለጭማቂ ነው? እስቲ በሞቴ።" እኔም ሳቅኩ። ባሌ ማንኪያውን አስቀመጠ። "የሲኦል ደጃፍ ከፍተህ በሰው ትዳር ትቀልዳለህ፣ አሁን ደግሞ በቃሉ ትቀልዳለህ" አለው።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ወንድም ጋሼ አፉን ጠረገ፣ ሶፍቱን አጥፎ ሳህኑ አጠገብ አኖረ። "ከሲኦል ደጃፍ የመጣ ሰው የጻድቃንን ምሳ አይበላም" ብሎ ወረደ። አንዲት ቃል ብቻ ቢናገር፣ ስለዚያ ጥግ ላይ ስላለው ብርጭቆ አንዲት ቃል፣ ባሌ መግቢያ ያጣ ነበር። ያን ያህል ተናዶ እንኳ አልተናገረም። ከሁሉ አንጀቴን የሚበላው ይኼ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። እሁድ ምሳ ሲደርስ የወንድም ጋሼን ሾርባ በሌላ ሳህን ከድኜ ደረጃውን ወርጄ እሰጠዋለሁ። "ሰውዬሽ ደህና ነው?" ይለኛል። ስመለስ ባሌ "በላ?" ይለኛል። ሁለት ሽበታም ሰዎች፣ አንዱ ላይ አንዱ ታች ሆነው በኔ ጉልበት ይጠያየቃሉ። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ወንድሜ ያንን ደረጃ ወጥቶ ከባሌ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ምሳ እንዲበላ። ቢከራከሩ፣ ቢጯጯሁ ግድ የለኝም። ብቻ አብረው ይብሉ።

እንዲህ ስመኝ ነው ባሌ የውጭ ደረጃ የሚባል ጉድ ያመጣው።

"ከእንግዲህ የእግዚአብሔር ሕዝብ በጠርሙስ መሃል አያልፍም" አለ አንድ እሁድ ከመድረኩ። በጓሮ በኩል ከውጭ የእንጨት ደረጃ ይሠራል፤ የውስጡ በር በጣውላ ይታሸጋል። ምእመናን አሜን አሉ። እኔ አላልኩም። እማማ ቀጥ በሉም አላሉም፤ እሳቸው ግን ተኝተው ነው።

ቤት እንደገባን ያዝኩት። "በሩን ካሸግከው ወንድሜን በየት በኩል ነው የማየው?"

"በውጭ ዞረሽ።"

"ሾርባው እስኪደርስ ይቀዘቅዛል።"

"ክደኚው።"

ደሜ ፈላ። የማይገባኝ ሆኖ አይደለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እሁድ እሁድ ከስብከት በፊት ምእመናንን ለመቀበል ሲወርድ፣ ያንን ጥግ ላለማየት አንገቱን ደፍቶ የሚያልፈው እሱ ነው። እኔ ደግሞ ከላይ ሆኜ አየዋለሁ። ቢገባኝም አልራራሁለትም፤ ያን ሳምንት ሸሚዙን ሳልተኩስ ሰጠሁት።

ደረጃውን የሠራው ሚስማር ነው። አናጢ ነው፤ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ፣ ደግሞም ከአፉ ሚስማር ስለማይጠፋ እንዲህ እንለዋለን። ሚስማር ድሮ የወንድም ጋሼ ደንበኛ ነበር፤ ያውም ከደንበኛም ደንበኛ። ሚስቱ ሰልችቷት ጥላው ሄዳ ነበር። ብርጭቆው ከተደፋ በኋላ ተመለሰችለት፤ አሁን እሁድ እሁድ ሁለቱም ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ባሌ "ወንድማችንን ተመልከቱ" ብሎ ሲሰብክ የሚጠቁመው እሱን ነው። ሚስማርም ሲጠቆም ያፍራል፣ ደስም ይለዋል።

እጁ ደግሞ ወርቅ ነው። ጓሮው በመጋዝ ብናኝ ተሸፈነ፤ የእንጨቱ ሽታ እኔ ጋ ድረስ እየመጣ የቢራውን ሽታ ለጥቂት ቀን አጠፋልኝ። ወንድም ጋሼ በጓሮ በር ብቅ እያለ ሻይ ያቀብለዋል። "በሬን ለሚያሽግብኝ ሰው ሻይ የማፈላ ጅል ከኔ በቀር የለም" ይለዋል። ሚስማር ሚስማሩን ከአፉ አውጥቶ "ይቅርታ ጋሼ" ይላል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ መልሶ ሚስማሩን ይጎርሳል። ደረጃው ተሠርቶ አለቀ። የእጅ መደገፊያው ብቻ ቀረ፤ የሚሠራበት እንጨት ገና አልደረሰም ነበር። ባሌ ግን መታገሥ አልቻለም። "መደገፊያው ይደርሳል፤ አሁን በሩን አሽግ" አለው።

ሚስማር በሩን ያሸገው እኔ ጎን ሆኖ ነው። ጣውላውን አጋደመና መምታት ጀመረ። ከታች የብርጭቆ ማጠቡ ድምፅ ቀጥ አለ። እኔም መኪናዬን አቆምኩ። ሲጨርስ መዶሻውን መሬት ላይ አኖረና ቆሞ በሩን አየው።

"እትዬ፣ ጥሩ ሥራ አልሠራሁም" አለኝ።

"ጠመመ እንዴ?"

"አይ፣ ቀጥ ያለ ነው" አለና መጋዙን ይዞ ወጣ። መዶሻውን ረስቶት ሄደ።

የመጀመሪያው እሁድ ቲያትር ነበር። የእግዚአብሔር ሕዝብ ግድግዳ እየታከከ፣ አንዱ የአንዱን ቀሚስና ኮት ጨብጦ ወጣ። እማማ ቀጥ በሉ ሲወጡ በእጅና በእግራቸው፣ ሲወርዱ ደግሞ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ቁጭ እያሉ ወረዱ። ታች ሲደርሱ ቀሚሳቸውን አራግፈው "በድሮው መንገድ የምይዘው ትንፋሼን ነበር፤ በዚህኛው ነፍሴን ነው" አሉ። ባሌ መደገፊያው በቅርቡ ይሠራል አላቸው።

መደገፊያው ግን አልተሠራም፤ የሚሠራው ሰው ጠፋ። በመጀመሪያ አንድ እሁድ የሚስማር ቦታ ባዶ ሆነ። በሚቀጥለው ሚስቱ ብቻዋን መጣች። "አሞት ነው" አለችኝ። ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም፤ እኔም ገባኝ። ሴት ልጅ ባሏ ሲታመምባት እንዲህ አይደለም የምትለው።

ቅዳሜ ከሰዓት በውጭው ደረጃ ግድግዳውን ታክኬ ወርጄ፣ ቤቱን ዞሬ፣ በመንገዱ በር ወደ ወንድም ጋሼ ገባሁ። መጠጥ ቤቱ በሰው ጢም ብሏል።

"ሚስማር አንተ ጋ መጥቷል?" አልኩት።

"እኔ ጋማ ቢመጣ ምን አለ። ሻይ እሰጠው ነበር።" ቀና ብሎ መደርደሪያውን አየ። "ሌላ ቦታ ነው። ብርጭቆውን የማያውቁበት ቦታ።"

ከዚያ ሽርጡን ፈትቶ ባንኮኒው ላይ ጣለው። ቅዳሜ ማለት ለመጠጥ ቤት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። "የያዛችሁትን ጨርሳችሁ ውጡ፤ ዛሬ ዘግቻለሁ" አለ። ያጉረመረመ ነበር፣ ግን ወጡ። ቁልፉን ኪሱ ከቶ በመንገዱ ማዶ ካለው መጠጥ ቤት ጀምሮ አንድ በአንድ በየበሩ እየገባ ሲወጣ በመስኮት አየሁት። ለባሌ አልነገርኩትም። በሩን ያሳሸገ እሱ ነው፤ ለምን እነግረዋለሁ?

እሁድ ጠዋት ዝናብ ነበር። ምእመናን የውጭውን ደረጃ እየተንሸራተቱ ወጥተው፣ ጫማቸውን ጠርገው ተቀመጡ። ባሌ ስለ ትዕግሥት ነበር የሚሰብከው፤ ለመስማቱም ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ስብከት ነበር። መሃል ላይ የታሸገው በር ተንኳኳ።

ሰው ሁሉ ዞረ። በሩ እንደገና ተንኳኳ።

"ማነው?" አለ ባሌ።

"የሲኦል ደጃፍ ዘበኛ ነኝ" አለ የወንድም ጋሼ ድምፅ። "አንድ በግህን አምጥቻለሁ። ክፈት።"

ወንድሜ ያንን ደረጃ ወጥቷል። ሁለት ዓመት ያልረገጠውን ደረጃ ወጥቶ በጣውላው ማዶ ቆሟል፤ አሁን ካልተከፈተለት ደግሞ ወደፊት የሚወጣበት ምክንያት አይኖረውም።

"በውጭ በኩል ግቡ" አለ ባሌ። ድምፁ ግን ሳስቶ ነበር።

"በውጭማ ዝናብ ነው። ደረጃው መደገፊያ የለውም። መደገፊያውን የሚሠራው ሰው ደግሞ እዚህ እኔን ተደግፎ ቆሟል።"

የሚስማር ሚስት ከወንበሯ ብድግ አለች። ባሌ መጽሐፉን እንደያዘ ቀረ። ከኋላ መቀመጫ እማማ ቀጥ በሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት" አሉ። "ክፈት እንጂ ልጄ። ደግሞ ቀጥ በል።"

ባሌ ከመድረኩ ወረደ። እጁ ጣውላውን ሲዳብስ መንቀያ እንዳልያዘ ታወቀው። ከስፌት መኪናዬ ሥር መዶሻውን አውጥቼ አቀበልኩት። ለምን እዚያ አድርጌ እንዳቆየሁት አትጠይቁኝ።

ባሌ ስብከት እንጂ መዶሻ አያውቅም። ላይኛውን ሚስማር ይዞ ሲታገል ከበሩ ማዶ ሌላ ድምፅ መጣ፤ የሰለለ፣ ያፈረ ድምፅ።

"ፓስተር፣ ከታችኛው ይጀምሩ። የላይኛው ረጅም ነው።"

ባሌ ከታችኛው ጀመረ።

"አሁን ወደ ራስዎ ይሳቡት። እንደሱ አይደለም፣ መዶሻውን ገልብጠው። እንዲያ። ቀስ ብለው፣ ጣውላው ጥሩ ጣውላ ነው፣ እንዳይሰነጠቅ።"

መጀመሪያ አንድ ሰው አፉን አፍኖ ሳቀ፤ ከዚያ ሌላው ተከተለ። የመጨረሻው ሚስማር ወልቆ ጣውላው ሲወድቅ ግማሹ አዳራሽ እየሳቀ ነበር፤ በሩ ሲከፈት ግን ሁሉም ዝም አለ። ሚስማር ሸሚዙ ተጨማዶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ክንዱ ወንድም ጋሼ ትከሻ ላይ ሆኖ ቆሟል። ወንድም ጋሼ ማታ አግኝቶት ባንኮኒው ሥር አግዳሚ ላይ አስተኝቶት አድሯል። አልሰከረም፤ ስካሩ ወጥቶለት ኀፍረቱ ብቻ ነው የቀረው።

"ምን ሆነህ ነው ወንድሜ?" አለው ባሌ። እንዳይቆጣ የፈራሁት ሰውዬ በሹክሹክታ ነው የጠየቀው። "ጸሎቱ አልበቃህም?"

"ጸሎቱማ በቅቶኝ ነበር ፓስተር" አለ ሚስማር። "ግን እሁድ እሁድ ስመጣ ቀና ብዬ ብርጭቆዬን አየዋለሁ፤ እንደተደፋ ነው። ጋሼ ደግሞ እኔን ያዩኛል። ከዚያ ፎቅ ወጥቼ እጸልያለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ነበር የያዙኝ። ይኸው በገዛ እጄ ደረጃ ሠርቼ አንዱን ቆረጥኩት።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ባሌን አየሁት፤ ፊቱ ልክ ያኔ፣ በቃኝ ያለ ቀን፣ የነበረውን ፊት መሰለ። የሚስማር ሚስት መጥታ የባሏን ሌላኛውን ክንድ ያዘች። ወንድም ጋሼ ትከሻው ሲቀልለት ጊዜ ሸሚዙን አስተካከለ።

"እንግዲህ አድርሻለሁ" አለና ወደ ደረጃው ዞረ።

"ቆይ" አለ ባሌ።

ወንድም ጋሼ ቆመ፤ ግን አልዞረም። ባሌ ደግሞ ወደ ሕዝቡ ዞረ፤ መዶሻው አሁንም እጁ ላይ ነው።

"ይኼን በር ያሸግኩት ለናንተ ብዬ አይደለም" አለ። "ታች መደርደሪያው ላይ፣ በቀኝ ጥግ፣ አፉ ወፈር ያለ ብርጭቆ አለ። የመጀመሪያው ነው። የኔ ነው።" "መራመድ ሲያቅተኝ ተሸክሞ ቤቴ የሚያስገባኝ ይኼ ሰው ነበር። እኔ ቤቱን የሲኦል ደጃፍ አልኩት። መልስ ነበረው፤ አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። አልመለሰልኝም። ይቅር በለኝ፤ እናንተም ይቅር በሉኝ።"

እኔ መኪናዬ ላይ በነበረው የደንበኛ ቀሚስ ጫፍ እንባዬን ጠረግኩ።

"እሱንማ እኔም አውቃለሁ" አሉ እማማ ቀጥ በሉ። "በዚያ ዘመን እኔ በር ላይ አልነበረም እንዴ የምትተኛው? አንድ ብርድ ልብሴን እስከ ዛሬ አልመለስክልኝም።"

ከዚያ በኋላ ስብከት የሚባል ነገር አልቀጠለም። ሰዉ እንባውን ሲጠርግ ሳቅ ይቀድመዋል። ወንድም ጋሼ ወደ ባሌ ዞሮ "ሕዝብህን ይዘህ ውረድ፤ ሻይ አፈላለሁ" አለው።

በውስጡ ደረጃ ወረድን። ወንበሮቹ ከጠረጴዛ ወረዱ፤ የእግዚአብሔር ሕዝብ በጠርሙስ መሃል ተቀምጦ ሻይ ጠጣ። እማማ ቀጥ በሉ ሻርፓቸውን ፈትተው ትከሻቸው ላይ ጣሉት። ሚስማር ባንኮኒው ጋ ቆሞ አንገቱን እንደደፋ "ጋሼ፣ የኔን ብርጭቆ ያውርዱት በቃ" አለ። "ደንቡን አፍርሻለሁ።"

"ወንበር ላይ ወጥተሃል?" አለው ወንድም ጋሼ።

"አልወጣሁም።"

"በእጅህ አውርደኸዋል?"

"አላወረድኩም።"

"ካላወረድከው እንደተደፋ ነው" አለና ሻዩን አስቀመጠለት። ሚስማር ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ያየው።

የውጭው ደረጃ አሁንም አለ። ሚስማር መደገፊያውን ሠርቶለታል፣ ያውም አምሮ። የሚወጣበት ሰው ግን የለም፤ እኔ የታጠበ ልብስ አሰጣበታለሁ። ባሌ ዛሬም ጠብታ አይቀምስም፣ ዛሬም ጠብታው ኃጢአት ነው ብሎ ይሰብካል። ወንድም ጋሼ ዛሬም ይቀዳል፣ ዛሬም መነጽሩን አድርጎ ያነባል። እሁድ ጠዋት ግን ባሌ ሲወርድ አንገቱን አይደፋም፤ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ያንን ጥግ አይቶት ነው የሚያልፈው።

ያን እሁድ ሻዩ አልቆ ሰዉ ሲበተን እኔ ወደ ላይ ሮጬ ምሳ አሞቅኩ። ሦስት ሳህን አወጣሁ። እጄ ከልማዱ የተነሳ መክደኛውን ሳህን ሲያነሳ የደረጃው እንጨት ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ሁለት ሰው ነው የሚወጣው። ገብተው በድሮው ቦታቸው ተቀመጡ። ባሌ ጸለየ፣ ዳቦውን ቆረሰ፣ ትልቁን ቁራሽ ለወንድሜ ሰጠው።

"ጭማቂ ነው የነበረው" አለ ባሌ፣ ሳህኑን እያየ።

ወንድም ጋሼ ማንኪያውን አነሳ፣ ሾርባውን ቀመሰ፣ ዋጠ።

"ይሁንልህ" አለ። "ግን በጣም ጥሩ ጭማቂ ነበር።"

ባሌ ሳቀ፤ ትን አለው፤ ወንድሜ ጀርባውን መታ መታ አደረገለት። እኔ መክደኛውን ሳህን ወደ ቁምሳጥኑ መለስኩት። ሾርባው ገና ይጨስ ነበር።